የአሮጌው ላንድክሩዘር ሻፍት ጩኸት፦ ዲፈረንሻሉ ይከፈት ወይስ መጀመሪያ ከሥር ይታይ?

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰብ። መኪናዬ የ1994 ሞዴል ላንድክሩዘር ነው። ረጅሙ 75፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ሦስት ነገር እያስቸገረኝ ነው።

አንደኛ፣ ነዳጅ ለቅቄ እንደገና ስረግጥ ከሥር «ጓ» ይላል። ከአንደኛ ወደ ኋላ ማርሽ ስቀይርም እንደዚያው። ሁለተኛ፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት ሲሄድ «ሲጥ ሲጥ» ይላል። ፍጥነት ስጨምር ድምፁም ይፈጥናል፤ ከዚያ የሞተሩ ጩኸት ይውጠዋል። ሦስተኛ፣ ከ70 እስከ 85 ባለው ፍጥነት ወለሉ ይንቀጠቀጣል። መሪው ግን ደህና ነው።

ያሳየሁበት ጋራዥ አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ ዲፈረንሻሉ (ኋላ አክስል ላይ ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን) ይከፈት አለኝ። ከመኪናው ሥር የገባ ሰው የለም። የጠሩት ብር ደግሞ ቀላል አይደለም። ከመክፈሌ በፊት ራሴ ምን ልይ?

ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት በኋላ ነው። ክሩ ከ30 መልስ አልፏል። አዲስ የሚገባ ሰው መሀል ላይ ስለ ቪትዝ ሲወራ እያገኘ ግራ ይጋባል። ስለዚህ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ሁሉንም እኩል አላወራም፤ አንዳንዱ ከአንድ መስመር አያልፍም፣ አንዳንዱ ደግሞ ብዙ ብር አድኖልኛል።

1ኛ። የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን ሰጥቶ፣ ምክር ሳይሆን ጥያቄ ይዞ መጣ። ወለሉ በሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ላይ ማርሹን ፍሪ ባደርገው ይቆማል ወይ? የፊት ጎማ ሎኮች (ለፎር ዊል የፊት ጎማዎችን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዙት) ተቆልፈው ነው የምነዳው ወይስ ተለቀው? ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት መጨረሻ የተነካው ነገር ምንድን ነው? መለስኩለት። ፍሪ ሳደርገውም ይንቀጠቀጣል። ሎኮቹ የተለቀቁ ናቸው። መጨረሻ የተሠራው ፍሪሲዮን ነው፤ ያኔ ካምቢዮው ወርዶ ነበር። ይቺን የመጨረሻዋን መልሴን ያዙልኝ። እስከ 9ኛው ድረስ ማንም አላያትም።

2ኛ። አንድ መስመር ነው። ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ፒኞኑ (የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትንሹ ጥርስ) ተበልቷል፣ ክፈተውና ገላገል በል የሚል። ሰላምታም የለው።

3ኛ። ይኸኛው 2ኛውን ለማረም የገባ ነው። የሚከፈት ዲፈረንሻል ቀድሞ ያለቅሳል ባይ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ አንድ ዓይነት፣ ሲለቀቅ ሌላ ዓይነት የተጎተተ ዋይታ ያወጣል። አንዴ ጓ ብሎ ዝም አይልም። ደግሞም ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም፤ ዘይቱን አፍስሶ ማየት ነው። የማፍሰሻው ቡሽ ማግኔት ካለው ስስ ጥቁር ቅባት ይዞ መውጣቱ የወትሮ ነው። በጣት የሚቆነጠጥ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ያኔ ይከፈት። እኔም አፈሰስኩት። ከጥቁሩ ቅባት በቀር የተገኘ ነገር የለም። ዘይቱ ለመቀየር ደርሶ ስለነበር እንኳን አፈሰስኩት።

4ኛ። የራዲዮኑን ድምፅ ጨምርበት አለ። ስቀን አለፍን።

5ኛ። እኝህ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። አንቱ አትበሉኝ ቢሉም አፌ እምቢ ስላለኝ በዚያው ልቀጥል። የጻፉት ረጅም ነው፤ በቅጡ መንገር ያለብኝም እሱን ነው።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም አሉ። ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው። ማርሹም፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈሩም ፍሪ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይለቀቅ። ከዚያ ካርቶን አንጥፎ ከሥር መግባት ነው። ሻፍቱን፣ ማለትም ከትራንስፈሩ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ፣ ክሮቸራው (ጫፉ ላይ ያለው ባለ መስቀል መገጣጠሚያ) ጋ በሁለት እጅ መያዝ፤ አንዱ እጅ ከክሮቸራው ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ። አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ መጠምዘዝ። ክሮቸራውን ከወዲህና ከወዲያ የያዙት ሁለቱ ሹካዎች አንዱ ከሌላው ቅንጣት ታህል ቀድሞ ከተላወሰ ክሮቸራው አልቋል። ትንሽ መላወስ ያለ ነው የሚባል ነገር ክሮቸራ ላይ አይሠራም። በእጅ ካልታወቀ ትልቅ ካቻቢቴ መሀል አስገብቶ ቀስ ብሎ መፈልቀቅ ነው።

ቀጥሎ ተንሸራታቹን ጥርስ ማየት ነው። ሻፍቱ የሚረዝምና የሚያጥርበት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ማለታቸው ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፉት የሚጨፍር ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች፣ ትራንስፈሩ ጋ ያለውንና ዲፈረንሻሉ ጋ ያለውን ፍላንጅ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ። ከተነቃነቀ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ነው። ፒኞኑ በዙር በኩል ትንሽ ወዲያ ወዲህ ቢል ግን የተፈጥሮው ነው። ብዙ ሰው ይህን ያይና ዲፈረንሻል አለቀ ብሎ ይሮጣል። 2ኛውን በስም ባይጠሩትም ለማን እንደሆነ ገብቶናል።

ስለ ሲጥ ሲጡ የሰጡት ምልክት ደግሞ ዓይን ላለው ሁሉ የሚታይ ነው። በክሮቸራው ባርኔጣዎች (አራቱን ጫፎች የሚሸፍኑት ባለ መርፌ ኩሽኔታዎች) ዙሪያ ቀይ ዱቄት ካለ፣ ውስጥ ያሉት መርፌዎች ግራሶ አጥተው ዝገት እየፈጩ ነው። ግራሶ ሲሞላ ከአራቱም ባርኔጣ ብቅ ማለት አለበት። ከሦስቱ ወጥቶ አንዱ እምቢ ካለ ያቺ አንዷ ደርቃለች። ሻፍቱን በትንሹ አዙሮ፣ ነቅነቅ አድርጎ እንደገና መምታት ነው። ዝም ብሎ ኒፕሉ ላይ ሁለቴ ተጭኖ ተሞልቷል ማለት ራስን ማታለል ነው አሉ።

ጓ የሚለውን ደግሞ ከባሌስትራው ጋር አያያዙት። ነዳጅ ሲረገጥ የኋላው አክስል ባሌስትራው ላይ በትንሹ ይጠማዘዛል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል። ሻፍቱም ከሱ ጋር መርዘምና ማጠር አለበት። ጥርሱ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ይይዛል፣ ከዚያ ጉልበት ሲበዛበት ድንገት ይለቃል። ጓ የሚለው ያኔ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አንዳንዴ የአንድ ግራሶ መምቻ ሥራ ብቻ ነው።

6ኛ። አንባቢው በሙሉ 5ኛውን ሲያመሰግን ይኸኛው ግን ጎደለ ያለውን ይዞ መጣ። ተንሸራታቹ ጥርስ እንደ ክሮቸራው እስኪተፋ ድረስ አይሞላም። ሻፍቱ ሲገፋ ከታየ እዚያው ማቆም ነው። ውስጡ በግራሶ ጢም ካለ ሻፍቱ ማጠር ያቅተዋል፤ ጉድጓድ ሲመታ ኃይሉ ቀጥታ ትራንስፈሩ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ግራሶውም ማንኛውም ግራሶ አይደለም፣ ባለ ሊትየም ቁጥር 2 ይሁን አለ። ምክሩ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ሽማግሌው ይህን እንኳ አያውቁም የሚል ቃና ነበረው። በ7ኛው 5ኛው ተመልሰው ሁሉም ነገር በአንድ ትንፋሽ እንደማይነገር ጻፉ። ቆጣ ብለዋል።

8ኛ። የአይሱዙ ኤንፒአር ሹፌር ነው። ከዚህ መልስ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የቀለደ የለም። እሱና ረዳቱ ክሮቸራ ሊቀይሩ መንገድ ዳር ቆሙ። ቦታው ዘቅዘቅ ያለ ነው። የእጅ ፍሬን ተይዟል ብለው የሻፍቱን ብሎኖች ፈቱ። የኤንፒአር የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን አይደለም። ከበሮው ካምቢዮው ጀርባ ነው፤ የሚይዘው ሻፍቱን ነው። ሻፍቱ ሲወርድ ፍሬኑ የሚይዘው አጣ፣ መኪናው ሄደ። ያቆመው ዛፍ ነው። ረዳቱ እግሩን የሰበሰበው ለጥቂት ነው። ስለዚህ ሻፍት ከመፈታቱ በፊት የእጅ ፍሬኑ የት ላይ እንደሚይዝ ይታወቅ፣ ታኮም ሳይደረግ ማንም ከሥር አይግባ አለ። የእኔ የኋላ ጎማ ላይ ነው የሚይዘው። የድሮዎቹ 40 ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹ ግን እንደ አይሱዙው ከትራንስፈሩ ኋላ ናቸው። የነሱ ባለቤቶች ይህን መልስ ሁለቴ ያንብቡት።

9ኛ። የቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ነኝ አለ። ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን የያዛት እሱ ነው። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ ከወረደ ሻፍቱም ወርዷል። ሻፍቱ መሬት ላይ ሲቀመጥ ከተንሸራታቹ ላይ ተለያይቶ፣ ሲመለስ ጥርስ ተዛንፎ ገብቶ ይሆናል። ማንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነው!

ምክንያቱንም አብራራ። ክሮቸራ በማዕዘን ሲዞር አዟዟሩ እኩል አይደለም። አንዱ ጫፍ እኩል እየዞረ ሌላው ጫፍ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቸራ ይህን መልሶ ያስተካክለዋል። የሚያስተካክለው ግን ሻፍቱ ላይ ያሉት ሁለት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲሆኑና የሁለቱ ጫፎች ማዕዘን እኩል ሲሆን ነው። ሹካዎቹ ከተዛነፉ ትርፉ ንቅጥቅጥ ሆኖ ወለሉ ላይ ይመጣል።

ጎማ ወይስ ሻፍት የሚለውን ለመለየትም ሒሳብ ሠራልኝ። የእኔ መኪና ዲፈረንሻል 4.11 ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ ከአራት ጊዜ በላይ ይዞራል። በ80 ፍጥነት ሻፍቱ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ይሄዳል ማለት ነው። የጎማ ባላንስ ችግር ዘገም ያለ መንገጫገጭ ነው፣ የፊት ጎማ ከሆነም መሪ ላይ ይሰማል። የሻፍት ግን ፈጣን ነው፤ ወንበርና ወለል ላይ ይነዝራል። እኔ መጀመሪያ ላይ መሪው ደህና ነው ብዬ መጻፌ ጠቅሞኛል።

10ኛ እስከ 12ኛ። ወሬው እዚህ ጋ ከመስመር ወጣ። አንድ ወንድማችን ቪትዙ ጠምዝዞ ሲዞር ቀጭ ቀጭ እንደሚል ጠየቀ። 11ኛው የራስህን ክር ክፈት ብሎ ተቆጣ። 12ኛው ግን አዘነለትና መለሰ። ቪትዝ በፊት ጎማ ስለሚሄድ ይህ ረጅም ሻፍት የለውም። በየጎማው በኩል ሲቪ ጆይንት ነው ያለው። ሲዞሩ ቀጭ ቀጭ የሚለው ጎማው አጠገብ ያለው የውጭኛው ነው። ቀጥታ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ደግሞ የውስጠኛውን መጠርጠር ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የተቀደደ የጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ነው። ግራሶው ይወጣል፣ አቧራው ይገባል። ሽፋኑ እንደተቀደደ ከተደረሰበት በሽፋንና በግራሶ ይድናል። መጮህ ከጀመረ በኋላ ግን ግራሶ መጠቅጠቅ የትም አያደርስም። የላንድክሩዘር የፊት አክስልም ሎኩ ተቆልፎ፣ መሪ እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ይህንኑ ድምፅ ካሰማ ነገሩ ያው ነው አለ። እንግዲህ ከርዕስ የወጣው ጥያቄ እንዲህ ያለ ጥሩ መልስ ሲያመጣ ምን ይባላል።

13ኛ። የጋራዥ ባለቤት ነኝ ባይ ነው፤ መምህሩ ላይ ወረደበት። ስንት ዘመን ሻፍት ሲያወርድና ሲሰቅል ሹካ አይቶ አያውቅም። ይህ ሁሉ የወረቀት ትምህርት ነው። ደንበኞቹም ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት። 14ኛ ላይ መምህሩ መልሶ፣ የሄዱት ወደ ሌላ ጋራዥ ሊሆን እንደሚችል አስታወሰው። 15ኛ፣ አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም ገሠጸ። እውነት ለመናገር 14ኛውን ሳነብ ስቄያለሁ።

16ኛ። ጭቅጭቁን የዘጋው በአጭሩ የጻፈው ይህ ሰው ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ፋብሪካው ራሱ ሹካዎቹን አስቦበት ያዛንፋቸዋል፣ በተለይ የፊት ሻፍት ላይ። ስለዚህ ሳይፈታ በፊት ፍላንጁም ሻፍቱም ተንሸራታቹም ላይ በቀለም መስመር ማስመር፣ ሲመለስ መስመሩን ማገናኘት ነው። ክርክር የለም። ፍሪሲዮኔን የሠራው ጋራዥ አንድ ጠብታ ቀለም ቢጠቀም ኖሮ ይህ ክር ግማሹ አይኖርም ነበር።

17ኛ። ከሚኒሶታ የጻፈች እህት ናት። እዚያ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከሥር ያለውን ሁሉ ይበላዋል። ብሎን ለመፍታት ብቻ ማታ ዘይት ነፍታ ታሳድራለች። የሷ አሮጌ ፒክአፕ ክሮቸራው ተቀይሮም ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻፍቱ ላይ አንድ ባዶ አራት ማዕዘን ጠባሳ አገኘች። የተበየደችው የባላንስ ብረት ረግፋለች። ባላንስ የሚሠራበት ቦታ ከመፈለጓ በፊት ሁለት ፋሼታ ሻፍቱ ላይ አጥብቃ፣ የፋሼታዎቹን ራስ ትንሽ በትንሽ እያዞረች እየነዳች ሞከረች። ራሶቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ክብደቱ ይጨምራል፣ ሲራራቁ ይቀንሳል። ንቅጥቅጡ ያነሰበት ቦታ ላይ ተወችው። እኔ አልሞከርኩትም፣ አላስፈለገኝም። ግን ብልህነቷን ወድጄዋለሁ።

18ኛ። ከዚያ ሁሉ በፊት ጭቃውን ፈቅፍቁት አለ። በክረምት ጭቃ ውስጥ የዋለ መኪና ሲያድር ጭቃው በሻፍቱ አንድ ጎን ይደርቃል። ጠዋት ሻፍቱ ባላንሱን ያጣል። ሰው ጎሚስታ ጋ ሄዶ አራቱንም ጎማ ባላንስ ያስደርጋል፣ ለውጥ የለም። 19ኛው ይህን እንደ ቀልድ ቆጠረው። እኔ ግን አምነዋለሁ፤ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ለሚዞር ነገር አንድ ጭብጥ ጭቃ ብዙ ነው።

20ኛ የራሴ ነው። 5ኛው እንዳሉት ታኮ አድርጌ ገባሁ። ዲፈረንሻሉ ጋ ያለው ክሮቸራ ዙሪያው ቀይ ዱቄት ነው። ከሁለቱ ባርኔጣ ግራሶ አልወጣም። የፊተኛው ክሮቸራ ደህና ነው። ተንሸራታቹ ጥርስ ይጨፍራል። ሹካዎቹ ደግሞ በዓይን የሚታይ ዝንፈት አላቸው፤ ሜትር አያስፈልግም። ከዚያ የኋላውን ሻፍት አወረድኩት። የፊት ሎኮችን ቆልፌ፣ ፎር ዊል አስገብቼ በፊት ሻፍት ብቻ ባዶውን ነዳሁት። ይህ ሙከራ በእንደኔ ዓይነቱ ላንድክሩዘር ላይ ይሠራል፤ የትራንስፈሩ ዘይትም አይፈስም። ሲጥ ሲጡ ጠፋ። በ80 ወለሉ ጸጥ አለ። ጓ የሚለው ወደ ትንሽ ቀጭታ ወረደ። ዲፈረንሻሉ ግን እንዳለ እየዞረ ነበር! የሲጥ ሲጡና የንቅጥቅጡ ጥፋት ሻፍቱ ላይ ነው ማለት ነው።

21ኛ እንኳን ደስ ያለህ ነው። 22ኛ ወደ ዕቃ ግዢ አስገባን። ሶማሌ ተራ ሄዶ የላንድክሩዘር ክሮቸራ ስጡኝ ማለት አይበቃም፤ መጠኑ እንደ ዘመኑና እንደ ዓይነቱ ይለያያል። አሮጌውን ይዞ ሄዶ የባርኔጣውን ውፍረትና የጠቅላላውን ርዝመት በካሊፐር ማመሳከር ነው። 23ኛው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ መርፌዎቹ ሙሉ መሆናቸውን፣ ላስቲኩ ልክ መግጠሙን፣ የግራሶ ኒፕሉ ሲገጠም መምቻ የሚደርስበት አቅጣጫ መዋሉን ማየት ያስፈልጋል። 24ኛው ኦሪጅናል ካልሆነ አትንካው ሲል፣ 25ኛው ኦሪጅናል የሚገዛ ሰው የ1994 መኪና አይነዳም ብሎ ዘጋው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

26ኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? የላላውን ባርኔጣ በብየዳ ነጥብ ነጥብ አስይዘው። 27ኛውና ከሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ተረባረቡበት። የብየዳው ሙቀት የባርኔጣውን ጥንካሬ ይገድለዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሹካው ራሱ ይጣላል። እዚሁ 5ኛው ተመልሰው አገጣጠሙን አስረዱ። ባርኔጣው በመዶሻ አይደበደብም፤ በሞርሳ፣ በልኩ ቡሶላ እየተገፋ ይገባል። ሲገባ ክሮቸራው ከውስጥ በእጅ ተይዞ መርፌዎቹን መደገፍ አለበት፤ አንዲት መርፌ ከወደቀች ባርኔጣው አይጠጋም፣ ባርኔጣውን የሚይዘው ቀለበትም አይገባም። በግድ ያስገባት ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ቀለበቶቹ የተለያየ ውፍረት አላቸው። ክሮቸራው ወዲያ ወዲህ የሚልበት ከ0.05 ሚሊሜትር በታች እንዲሆን ተመርጠው፣ ግራና ቀኙ እኩል ውፍረት ይደረጋል። በመጨረሻ ሹካውን በናስ መዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ። ከዚያ በእጅ ሲያንቀሳቅሱት በሁሉም አቅጣጫ እኩል መሄድ አለበት።

28ኛ። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ነው። ሲጥ ሲጥ ሲል ከርሞ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርድ ክሮቸራው የተበጠሰበትን መኪና አይቷል። የኋላው ጫፍ ሲበጠስ ሻፍቱ ይጎተታል፣ ይጮኻል፣ ሞተሩም መኪናውን መግፋት ያቅተዋል። የፊተኛው ጫፍ ከተበጠሰ ግን አፍንጫው መሬት ወርዶ አስፋልት ሊወጋ ይችላል፤ ያኔ መኪናው ከኋላው ይነሳል። በተጨማሪም ሻፍት ሲበጠስ የሞተር ፍሬን አብሮ ይሄዳል። በዚያ ቁልቁለት ያ ምን ማለት እንደሆነ የመስመሩ ሹፌር ያውቀዋል። ሻፍቱ ሥር ከፊት በኩል የብረት ቀለበት ቢበየድ ጥሩ ነው ብሏል። እኔም በየሳምንቱ የምወርደው መንገድ ስለሆነ ይህን ካነበብኩ በኋላ መኪናዋን ክሮቸራው እስኪገባ አላንቀሳቀስኳትም።

29ኛ እንደገና እኔ ነኝ። የኋላው ክሮቸራ ተቀየረ። ሹካዎቹ ተስተካክለው በቀለም ተሰመረባቸው። ሁሉም ግራሶ ጠጣ። የፍላንጁ ዳዶዎች ጠብቀው፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ እንደገና ተፈተሹ። ሲጥ ሲጡ የለም። ንቅጥቅጡም የለም። ጓ ያለው በጣም ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

30ኛ። 2ኛው ተመልሶ መጣ! ይኸው፣ ዲፈረንሻል ነው ብዬ ነበር አለ። 31ኛ ላይ 3ኛው መለሰለት። 30 ዓመት የሞላው መኪና ላይ የካምቢዮው፣ የትራንስፈሩና የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ክፍተት ሲደመር ትንሽ ቀጭታ መኖሩ አይቀርም። የካምቢዮው መቀመጫ ላስቲኮችም ከደከሙ ይጨምሩበታል። በዚህ መኪና ላይ ግን 20ኛ ላይ እንደጻፍኩት ተንሸራታቹ ጥርስ ስለሚጨፍር፣ ለቀረው ጓታ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው አለ። 2ኛው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

32ኛው ጥርሱን ቶርኖ ቤት ማስሞላት ይቻላል ብሎ ነበር። 33ኛ ላይ 5ኛው አልተስማሙም። የተበየደ ጥርስ ቀጥታነቱን ስለሚያጣ ባላንስ የሚያደርግ ማሽን ከሌለ ንቅጥቅጡን መልሶ ማምጣት ነው። ያገለገለ ሙሉ ሻፍት መፈለግ ይሻላል። ሲገዛ ደግሞ ተንሸራታቹን እስከ ግማሽ አውጥቶ መነቅነቅ፣ ቱቦው ላይ እብጠት ወይም ስርጉደት አለመኖሩን በእጅ መዳሰስ፣ የባላንስ ብረቶቹ በቦታቸው መሆናቸውን ማየት፣ ሁለቱን ጫፎች ደግፎ አዙሮ መሀሉ የሚወዛወዝ መሆን አለመሆኑን በጠመኔ መፈተን። ክሮቸራው ቢያልቅም ችግር የለም፣ ይቀየራል። የማይቀየረው ጥርሱ ነው።

እኔም በዚሁ ነኝ። ስለዚህ ያገለገለ የኋላ ሻፍት እፈልጋለሁ፤ የረጅሙ 75 ማለትም በፊትና በኋላ አክስል መካከል 2,980 ሚሊሜትር ያለው። የ70 እና የ73 ሻፍት መልኩ ቢመሳሰልም አጭር ነው፤ ሁለት ሰው በውስጥ መስመር የ73ን ልኮልኛል። ያለው ሰው ተንሸራታቹን አውጥቶ የጥርሱን ፎቶ 34ኛ ላይ ይለጥፍልኝ። ዋጋውን በውስጥ መስመር እንነጋገራለን።